የቢሻው ጠመንጃ አይስትም

ታኅሣሥ 4፣ 2007

ቅዳሜ። ገበያው ደህና ነበር። ነጠላ ሸጥኩ፤ ለጥምቀት የሚለበስ ቀሚስ ለመስፋትም ተቀበልኩ። የስፌት መኪናዬ ዛሬም ክር ስትበጥስ ዋለች። ዘይት ሰጥቻት ነበር... ምን እንደጎደላት እንጃ።

አመሻሽ ላይ ቢሻው በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክሞ ገባ። ሞፈር መሰለኝ። ሲፈታው ጠመንጃ ነው። እንደ አገሩ ሰው ክላሽ ቢሆን ምንም አልል። ባለ መነጽር ስናይፐር! ፖሊስ ቤት ተኩስ አስተማሪ ሳለሁ ስንቱን ያሠለጠንኩበት ዓይነት። አንዴ ካቀባበሉት በኋላ ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሱ ቀለሁን አውጥቶ ራሱ የሚያጎርስ።

"ምን ልታደርግበት?" አልኩት።

"ጅብ አስቸገረ። ውርንጭላዋን ሊበላብኝ ነው።"

"ለጅብ መነጽር ምን ያደርጋል?"

የፈቃድ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ፈቃዱን ከቀበሌ ካወጣ ቆይቷል ለካ። ለእኔ ሳይነግረኝ? እኔ እያለሁ ጠመንጃ ሲገዛ አያማክረኝም?

ጎረቤታችን አያ ገብረ ማርያም ሊያዩት መጡ። ከአባታቸው የወረሱት ምንሽር አላቸው፤ ከእሱ ወዲያ ጠመንጃ ያለ አይመስላቸውም። ስናይፐሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱለት።

"ራሱ የሚጎርስ ብረት አነጣጥሮ አይመታም" አሉ። "ሆዱ ውስጥ እየተላወሰ በየት በኩል ይረጋል? በእኔው አንድ ትተኩሳለህ፣ እጅህን ታነሳለህ፣ እንደገና ታቀባብላለህ። እስከዚያ ልብህ ይመለሳል።"

"እንደ ምንሽር ባይሆንም ይመታል፣ አያ። ጥይቱና መነጽሩ ደህና ከሆነ አያሳፍርም" አልኳቸው።

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ!" ብለው ሳቁ። ቢሻው ግን አልሳቀም።

ታኅሣሥ 7

ቢሻው እርሻ ሲወርድ ጠመንጃውን አውጥቼ አየሁት። አፈሙዙ ደህና ነው፤ አልተበላም። መነጽሩ ከነማሰሪያው ጥብቅ ነው፤ ነቅነቅ ባደርገው ንቅንቅ አይልም። ዓይን የሚጠጋበት ጫፍ ላይ የነበረው ላስቲክ ግን ጠፍቷል፤ ባዶ የብረት ቀለበት ነው የቀረው። ጥይቶቹ የመትረየስ ናቸው። በዚህም ጠመንጃ ይሠራሉ፤ ትንሽ ይበትናሉ እንጂ ለጅብ ከበቂ በላይ ናቸው።

ሲመለስ፣ "ነገ ይዘነው እንውረድና ዒላማውን ላስተካክልልህ" አልኩት።

"የኔ ዕቃ ነው። ራሴ አስተካክለዋለሁ።"

ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አኮረፍኩ። ስለ ላስቲኩም ሳልነግረው ቀረሁ።

ሌላ ሐሳብም ገባኝ... የእርሻ ጎረቤቱ ደሴ። አምና ከወሰኑ ላይ አንድ መስመር ግራር ቆርጦ ከሰል አክስሎታል። የኔ ነው፣ ያንተ ነው ተባብለው ቀበሌ ድረስ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ቢሻው ያኔ ሲወጣ ምን ነበር ያለው? "ያያታል።"

ምኑን ነው የሚያያት?

ታኅሣሥ 12

ታላቅ ወንድሙ ባምላክ ከገጠር መጣ። ጓሮ ተቀምጠው በአዊኛ ያወራሉ። ጠላ ይዤ ስወጣ ዝም አሉ። ከዚያ ባምላክ በአማርኛ፣ "ዘንድሮ ውርጩ በርትቷል፣ ሙሉነሽ" አለኝ። ወይ ውርጭ!

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። እዚህ አዲስ ቅዳም ገብቼ ስንት ዓመት ኖሬ በአዊኛ ሰላም እላለሁ፣ እገበያያለሁ፤ ፈጠን ብለው ሲያወሩ ግን ያመልጠኛል። ዛሬ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። አዎ፣ ቆሜ ሰማሁ። የደሴን ስም ሁለቴ አነሱት። "ዓይን" የሚለውንም ቃል ለየሁት፤ አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሰውነት ክፍሎችን አስተምረውኝ ነበር።

ደሴ... ዓይን...

የማን ዓይን? ምን ሊሆን?

ታኅሣሥ 16

ከጥይቶቹ ጎድሏል። ጠየቅሁት። "ሞከርኩት" አለ። ከማን ጋር? የት? "እዚያ ታች።" በቃ። ሌላ አይወጣውም።

ልብሱን ሲቀይር ትከሻውን ይዞ አቃሰተ። ጠመንጃው መትቶት ይሆናል።

ታኅሣሥ 20

ትናንት እርሻው ጎጆ ነበር ያደረው፤ ፈረሷንና ውርንጭላዋን ሊጠብቅ። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ሱቄን ልከፍት ስወጣ ተኩስ ሰማሁ። ሁለት። አንዱ ከአንዱ ጋር የተያያዘ ያህል ነው፤ ጧ፣ ጧ። ከዚያ ኡኡታ።

ደሴ ተመትቷል። ጭኑን። ከሰሉን ሊያይ ማልዶ ወጥቶ ነበር። በቃሬዛ አውርደው ጤና ጣቢያ አደረሱት፤ ከዚያ መኪና ተገኝቶ እንጅባራ ሆስፒታል ወሰዱት። አጥንቱ ተሰብሯል፤ ነፍሱ ግን አለች።

ቢሻው ራሱ ነው ቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ የመጣው። ከዚያ ጠመንጃውን ለሚሊሻው አዛዥ አስረክቦ እጁን ሰጠ። የሰው መንጋ መሐል አየሁት። "ጅብ ነበር፣ ጅብ ነበር" ይላል።

ሁለተኛውስ? ጅቡ በአንዱ ካልሞተ ይሸሻል። ሁለተኛው ለማን ነበር?

ታኅሣሥ 21

ፖሊስ ጣቢያ ስንቅ ወሰድኩለት። በግራ ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ቁስል አለች። "ምንድን ነው?" አልኩት። "ቅርንጫፍ ነው። ስሮጥ።"

ዓይኔን ሳያይ ነው የመለሰልኝ።

ታኅሣሥ 25

ባምላክ ዋስ ሆኖ አስፈታው። ቤት ገብቶ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ቀስ ብዬ ጠየቅሁት።

"ለምን ሁለቴ ተኮስክ?"

"ጠመንጃው ነው።"

"ጠመንጃው ምን ሆነ?"

"ይስታል። ያጭበረበረኝ ነጋዴ ነው። ያነጣጠርክበት አይሄድም።"

አይቼዋለሁ እኮ። በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ! ማሰሪያው አልላላ፣ አፈሙዙ አልተበላ... ብሎ ብሎ እኔን ይዋሸኛል?

ታኅሣሥ 27

ለማንም ሳልናገር ቦታው ሄድኩ። ተኝቶ የተኮሰበት ዛፍ ሥር ሣሩ ገና አልተነሳም። የጅቡ ዱካ በእውነት አለ፤ ውርንጭላዋ ከታሰረችበት አጠገብ ረግጦታል። እሺ፣ ጅቡ ውሸት አይደለም። ደሴ የወደቀበትንም አገኘሁት፤ ደሙ ደርቋል። ግን ከጅቡ ዱካ ወደ ቀኝ ርቆ ነው። በጣም ርቆ። መካከላቸው አንድ ጎጆ ያስቀምጣል።

ጠመንጃ ቢበላሽ ስንዝር ይስታል፤ ቢብስ ክንድ። የመትረየስ ጥይትም ቢበትን ይህን ያህል አይበትንም። ይህ ስህተት አይደለም፤ አፈሙዙ ዞሯል። አንድ ወደ ጅቡ... አንድ ወደ ደሴ። ለተማሪዎቼ እንዲህ ቢቀርብላቸው ምን ይላሉ? እኔስ ምን እላቸው ነበር? "ዒላማ ቀይሯል" እል ነበር።

ጅቡ ሰበብ ይሆን?

ታኅሣሥ 29

ገና። በግ አላረድንም። ማንም አልመጣ።

ጥር 6

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደሴ ከሆስፒታል ባይወጣም ሚስቱ ዋጋዬ መጣች። የፖሊሱ ጉዳይ የራሱ ነው፤ ሽማግሌ የሚፈልገው ደም መሆን አለመሆኑን ነው። አስቦ ከሆነ የሁለት ቤት ጠብ ነው፤ ለልጅ የሚተርፍ። ስቶ ከሆነ እርቅ አለ።

አያ ገብረ ማርያም ጠየቁት። "አነጣጥረህበታል?"

"ኧረ በመድኃኔዓለም! ጠመንጃው ነው የሳተው።"

"እኔስ መጀመሪያም ብዬ ነበር። ራሱ የሚጎርስ..."

ዋጋዬ አላስጨረሰቻቸውም። "ይስታል ካለ ይታይ! ተተኩሶ ይታይ!"

"ማን ይተኩሰው?" አለ አንዱ። ሚሊሻዎቹ ከክላሽ ሌላ አያውቁም። ሁሉም ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ባምላክ ተነሣ። "ሚስቱ እንዴት ሆኖ?"

"እሷ ትተኩስ" አለች ዋጋዬ። "ለባሏ ብላ ብታስተው ፊቷ ላይ አየዋለሁ። ሴት ነኝ።"

ጥር 8

ባምላክ ሱቅ መጣ። ጨርቅ የሚገዛ መስሎ ቆመ።

"ሙሉነሽ፣ አንድ ሁለት ጥይት ወዲያ ወዲህ ቢል ምን አለበት?"

"ምን እያሉኝ ነው፣ አያ?"

"ቤትሽን አስቢ ነው የምልሽ።"

"እርስዎ የሚያውቁትን ይንገሩኝና አስባለሁ።"

አንገቱን ደፋ። "የሚነገር ቢሆን እሱ ይነግርሽ ነበር" ብሎ ወጣ።

ስለዚህ የሚነገር ነገር አለ። ሁለቱ ያውቁታል፤ እኔ አላውቅም።

ለማስታት ብዙ አይፈልግም። ትንፋሽን አለመያዝ ይበቃል። ቃታውን ትንሽ ቸኮል ማድረግ ይበቃል። ማንም አይለየውም፤ ዋጋዬም ብትሆን። ባሌ እርቅ ያገኛል፤ እኔም... አጠገቡ እየተኛሁ ዕድሜ ልኬን ማን እንደሆነ ሳላውቅ?

ጥር 14

ጥምቀት አልፎ ዛሬ ተሞከረ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ገደል ሥር። አያ ገብረ ማርያም ጆንያ አስወጥረው በከሰል ክብ ሣሉበት። የሚሊሻው አዛዥ ጠመንጃውን ከቀበሌ አመጣ፤ ጥይቱ ያው ራሱ፣ ከቢሻው ካዝና ያልተነካ። ርቀቱን ከዛፉ እስከ ጅቡ ዱካ ባለው ለክተውታል። ዋጋዬ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች፤ ፊቴን ልታይ። ቢሻው ከሰዎቹ ኋላ ነበር።

ተኛሁ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ሳደርግ ገላዬ ሁሉን አስታወሰ። ስንት ዓመት አልፎ!

ልስት አልስት... እስከ መጨረሻው አልወሰንኩም ነበር። በመነጽሩ ውስጥ ክቡ ቁልጭ ብሎ ሲመጣ ግን ትንፋሼ ራሱ ቆመ። ተኮስኩ።

የመጀመሪያው ሲነሣ የመነጽሩ ብረት ቅንድቤን አለኝ፤ ላስቲኩን ረስቼው ነበር። ደም ዓይኔ ላይ ወረደ። "ተዪው ይበቃል" አሉ። አልተውኩም። ፊቴን አራቅ አድርጌ ሌላ አራት ደገምኩ። ጠመንጃው አንዴም አላንገራገረም። ያወጣል፣ ያጎርሳል፣ ያወጣል፣ ያጎርሳል። ቃታው ደግሞ ልስልስ ነው፤ ነካ ካደረጉት ይሄዳል።

አያ ገብረ ማርያም ሄደው ጆንያውን አመጡ። መዳፋቸውን ቢያስቀምጡበት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሥሩ ገቡ። አንድ የሳተ የለም።

"ራሱ የሚጎርሰውም ይመታል ለካ" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ቢሻውን አዩት። ሁሉም አየው።

ዋጋዬ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ስትነሣ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ቢሻው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ መጥቶ፣ "እጅሽ አሁንም ደህና ነው" አለኝና ሄደ።

ባሌን አሳልፌ ሰጠሁ? ወይስ እሱ ራሱ...

ጥር 15

ጠዋት ቁስሌን ልጠርግ መስታወት ፊት ቆምኩ። በቅንድቤ ላይ ግማሽ ጨረቃ።

ይህን ቁስል አውቀዋለሁ። ቢሻው ላይ ነው ያየሁት። ቅርንጫፍ ያለው! መነጽሩ ነው የመታው፣ ላስቲክ የሌለው። ይኸው ደግሞ ሌላ ውሸት አልኩ...

ከዚያ እጄን አነሳሁ። የእኔ ቀኝ ቅንድቤ ላይ ነው። የእሱ ግራ ነበር።

ግራ?

በግራ ዓይኑ ነው ያነጣጠረው። ሰደፉ በግራ ትከሻው ነበር። ያን ቀን ይዞት ያቃሰተው የቱን ትከሻ ነው? ግራውን! ቢሻው እኮ በቀኝ እጁ ነው የሚሠራው። ሲያጭድ፣ ሲቆርጥ፣ ሲጎርስ። በቀኙ የሚሠራ ሰው ለምን በግራ ይተኩሳል? በትምህርቱ ጊዜ እንዲህ የሚያደርጉ ሁለት ሦስት ሰዎች ገጥመውኛል። ምክንያታቸው አንድ ነበር። ቀኝ ዓይናቸው አያይም።

ሱቅ አልከፈትኩም።

ጥር 16

ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ በቀኙ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ድምፅ ሳላሰማ። ውኃ በብርጭቆ ይዤ ጉንጩ አጠገብ ዘረጋሁለት። አላየም። ወዲያ ወዲህ አደረግሁት። ፊቱ ንቅንቅ አላለም።

"ቢሻው።"

ደነገጠ። መላ አንገቱን አዙሮ አየኝ፣ ብርጭቆውን አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ። ገባው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

ብርጭቆውን ተቀበለኝ። "ከአምና በፊት ጀምሮ ይደበዝዛል። አሁን ጥላ ነው። ግራውም ዳር ዳሩ እየጠበበ ነው።"

"ጠመንጃውስ?"

"መነጽሩ ያቀርብልኛል ብዬ። ነጋዴው ሲያሳየኝ በግራ ዓይኔ አየሁበት፤ የቅርንጫፉን ቅጠል ሳይቀር አየሁ። ደስ አለኝ። ይኸው ዓይኔ ተመለሰ አልኩ።"

"ያን ቀን ምን ሆነ?"

"ጅቡ ላይ ተኮስኩ። ብረቱ ፊቴን መታኝ፣ ጭሱም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ብድግ ስል አፈሙዙ አብሮኝ ዞረ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር... ሁለተኛዋ እንዴት እንደወጣች አላውቅም። ደሴ እዚያ መኖሩንም አላየሁም። በቀኝ በኩል ነበር፣ ሙሉነሽ። በቀኝ በኩል።"

ምንሽር ቢሆን ሁለተኛ ጥይት አትኖርም ነበር። እሱ የገዛው ግን ሁለተኛዋን አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው። ጠመንጃው ምንም አላጠፋም፤ የተሠራለትን ሠራ።

"ከባምላክ ጋር የምታወሩትስ? ደሴ፣ ዓይን..."

"ሰላም ሳይለኝ አለፈ ብሎ ደሴ ለሰው ከሷል፤ ባምላክ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔ ነው አልኩት። በየት በኩል እንዳለፈ እንኳ አላውቅም።"

"ለምን ለሽማግሌዎቹ አልተናገርክም? ለእኔስ?"

"አባቴን አይተሽዋል። በዱላ ጫፍ እየተጎተተ ነው የሞተ። እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚጀምረው። ዕውር እንድትመሪ አይደለም ያገባሁሽ።"

አባቱ በእርጅና የታወሩ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ከዚያ እሱ ጠየቀኝ።

"አንቺስ አምነሽ ነበር?"

"ምኑን?"

"ሰው ላይ እንዳነጣጠርኩ።"

ልዋሽ እችል ነበር። "አዎ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ተነሥቶ ገባ።

ጥር 18

ሰው ክፉ ነው። እኔ ክፉ ነኝ።

ያን ሁሉ ነግሮኝ እንኳ ውስጤ አላረፈም። ዓይኔ ነው ብሎ ያመልጥ ይሆን? ከባምላክ ጋር መክረውበት ይሆን? ዛሬ ሳልነግረው በርጩማውን ከቦታው አንስቼ በሚያልፍበት በቀኝ በኩል አስቀመጥኩት። መጣ። ተደናቀፈ፤ ምሰሶውን ባይይዝ ይወድቅ ነበር። "በርጩማው ምን ሊሠራ እዚህ መጣ?" አለ፤ ለራሱ።

በርጩማውን መልሼ ጓሮ ወጣሁ። አፈርኩ። ከዚህ በኋላ አልፈትነውም።

ጥር 23

የፈረሰኞቹ በዓል። ከተማው በሙሉ እንጅባራ ወረደ። የእኛን ፈረስ ዘንድሮ ባምላክ ጋለበው። ቢሻው ቤት ዋለ፤ ሰው ሁሉ "ጥፋተኛ ስለሆነ አፍሮ ነው" ይላል። እኔም ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲሁ እል ነበር።

"ልንገርልህ?" አልኩት። "ተዪ። የራሴን አፍ አልተቀማሁም።"

ጥር 27

ሽማግሌዎች እንደገና ተቀመጡ፤ ሊፈርዱ። ከመጀመራቸው በፊት ቢሻው ተነሣ።

"ጠመንጃው አይስትም" አለ። "ዋሽቻችኋለሁ። የማላየው እኔ ነኝ።"

ጉምጉምታ ሆነ። አንዱ፣ "አሁን ደግሞ ዓይኑ ሆነ!" ብሎ ሳቀ። አያ ገብረ ማርያም አልሳቁም። ነጠላቸውን አውልቀው የቢሻውን ግራ ዓይን በራሳቸው እጅ አሰሩት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

"በል ጨብጠኝ።"

ቢሻው እጁን ሰደደ። ከእጃቸው አጠገብ አየሩን ዳበሰ። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን... አጣው። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። አያ ገብረ ማርያም የሚንከራተተውን እጅ ራሳቸው ያዙት።

"ይበቃል፣ ልጄ።"

ዋጋዬ ከተቀመጠችበት፣ "ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስታልፈኝ... ሰላም ያላልከኝ ለዚህ ነው?" አለችው።

"አላየሁሽማ።"

"እኔ ደግሞ ንቀቱ ምን ቢሆን ብዬ ለደሴ ነግሬ..." አልጨረሰችውም።

ደም አይደለም ተባለ። ግን ዝም ብለው አልለቀቁትም። "ዓይንህ እንደማያይ እያወቅህ ቃታ ስበሃል፤ ይህ ጥፋት ነው" አሉ። የደሴን የሕክምና ወጪ እኛ እንችላለን፤ ደሴ እስኪድን መሬቱን ቢሻው ያርሳል። ጠመንጃው ዳግም ቤታችን አይገባም።

ስንወጣ ባምላክ አጠገቤ መጣ። "ጠላሽኝ?" አለኝ። "ትንሽ" አልኩት። ደስ አለው መሰለኝ።

መጋቢት 14

ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት ፈረደበት፤ ቅጣቱን ገደበለት። እፎይ።

ትናንት ባሕር ዳር ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ አስረዳችን። የቀኙ አይመለስም። ግራው በሚንጠባጠብ መድኃኒት ሊቆይ ይችላል፤ ማታ ማታ፣ ሳያቋርጥ። "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" አለች። ቢሻው ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ፊቱን መለሰ።

ባምላክንም አምጡት አለች። እሱን ማሳመን የእኔ ሥራ ነው።

ሚያዝያ 6

ፋሲካ አለፈ። ደሴ በክራንች ወጥቷል። ዶሮ ወጥ ይዤ ሄድኩ። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር።

"አንቺ ነሽ አሉ ጆንያውን የበሳሽው" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ለባልሽ ብለሽ ብታስቺው ኖሮ እስከ ዛሬ ስናይፐሩ ነው የመታኝ እያልኩ፣ በልቤ ግን እሱን እየጠበቅሁ እኖር ነበር።"

አልመለስኩለትም። ብዪ ብሎ ለምኖኝ አብሬው በላሁ።

ማታ መድኃኒቱን ላንጠባጥብለት ቢሻው ራሱን ጭኔ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ገልጦ ይጠብቃል። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። "አዎ" ያልኩትን ማለቴ ነው። ረስቶት ነው? አይመስለኝም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር አይረሳም። ጠብታዋ ስትገባ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ገባች" ይላል።

ግንቦት 10

ምሳ ይዤ ደሴ ማሳ ወረድኩ። ዝናቡ ቀድሞ ጥሎ አፈሩ ረጥቧል። ቢሻው በሬዎቹን ጠምዷል፤ ደሴ ክራንቹን አጋድሞ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በሬዎቹ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ለቢሻው አይታየውም። ደሴ ይጮኻል።

"ወደ ግራ ሳበው! ኧረ ወደ ግራ፣ አንተ ሰው! ጉቶ አለ!"

"አይቼዋለሁ!"

"የታባህ አይተህ!"

ሁለቱም ሳቁ። ቢሻው ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

"ሙሉነሽ፣ ባልሽ መሬቴን እንደ እባብ አጣመመብኝ" አለኝ ደሴ።

"ያንተው ጩኸት ነው ያጣመመው" አልኩት።

ዋጋዬም መጣችና አራታችን አብረን በላን። ደሴና ቢሻው ወሬያቸውን በአዊኛ ቀጠሉ፤ ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹ አለፈኝ። ዋጋዬን ምን አሉ አላልኳትም። እንጀራዬን በላሁ።

ወደ ማታ ከቢሻው ጋር ወደ ቤት ተመለስን። መንገዱ በጋሪ ተቆፍሯል፤ ውኃ ያቆረባቸው ጉድጓዶች አሉ። በቀኙ በኩል ዞርኩ።

"በዚህ ልሁንና መንገዱን ልይልህ።"

"አይ" አለኝ። "በግራ ሁኚ።"

"ለምን? እንቅፋቱ በዚህ ነው እኮ።"

"ይሁን። በግራ ሁኚ፣ እንዳይሽ።"

ዞሬ በግራው ሄድኩ።